ከጉባ እስከ ቤት፦ በወረርሽኝ ጊዜ የአእምሮ ጤናንና የቤተሰብ ግንኙነትን መጠበቅ

በቤኒሻንጉል ጉምዝ ክልል፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ፣ በዓባይ ወንዝ ላይ የተገነባው የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራው ሌትና ቀን በፈረቃ ሲከናወን ቆይቷል። በሺዎች የሚቆጠሩ መሐንዲሶች፣ የብየዳ ባለሙያዎች፣ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች፣ ምግብ አብሳዮችና የጥበቃ ሠራተኞች ከየአቅጣጫው መጥተው በካምፕ ይኖሩ ነበር። የብዙዎቹ ቤተሰብ ግን በአሶሳ፣ በነቀምቴ፣ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባ ወይም ከዚያም በራቀ ስፍራ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ታማሚ መገኘቱ ሲገለጽ ይህ ርቀት ትርጉሙ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ሰዎች የዕረፍት ፈቃዳቸውን ቀን ቆጥረው ይጠብቁ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚቆጠረው ቀን መጨረሻው የማይታወቅ ሆነ።

ሥራው አልቆመም። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የግድቡ የመጀመሪያ ዙር የውኃ ሙሌት ሲከናወን ደስታው የመላው ሕዝብ ነበር። ከዚያ ደስታ በስተጀርባ ግን ለወራት የናፈቁ ልጆች፣ በስልክ ብቻ የተያዘ ትዳር፣ እንቅልፍ ያጣ ሠራተኛና መልስ ያጣች እናት ነበሩ። ይህ ሁኔታ በግድቡ ሠራተኞች ላይ ጎልቶ ይታይ እንጂ በለይቶ ማቆያ የምትሠራ ነርስን፣ በአሶሳ ገበያ የምትነግድ እናትንና ድንበር የሚያቋርጥ አሽከርካሪን ቤተሰብም ይመለከታል።

ሥጋት በአካል ላይ ምን ያደርጋል?

ሰው አደጋ ሲሰማው አካሉ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆረጣል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ ከእባብ ለመሸሽ ወይም ከተናደ አፈር ለማምለጥ የተሰጠ ጠቃሚ ኃይል ነው፤ አደጋው ሲያልፍ እርሱም ይበርዳል። ወረርሽኝ ግን እንደ እባብ ታይቶ አይጠፋም። ሥጋቱ ለሳምንታት ሲቆይ እንቅልፍ ይዛባል፣ ራስ ይመታል፣ ሆድ ይታወካል፣ በትንሽ ነገር መቆጣት ይመጣል። በዚህ ላይ ሌሊት የሚሠራና ቀን በቆላው ሙቀት ለመተኛት የሚታገል ሰው ጫናው እጥፍ ይሆንበታል።

እነዚህ ምልክቶች በራሳቸው የአእምሮ ሕመም አይደሉም። ብዙ ሰው ደረቱ ሲጨንቀው «ኮሮና ያዘኝ» ብሎ ይደነግጣል፤ ድንጋጤውም ጭንቀቱን መልሶ ያብሰዋል። ትኩሳትና ሳል ካለ፣ ወይም ትንፋሽ ማጠሩ ካልለቀቀ፣ የጤና ባለሙያን ማማከር ይገባል። የጭንቀቱ መነሻ ሥጋት ብቻ ሲሆን ግን በዝግታ በአፍንጫ አየር እያስገቡ፣ ከገባበት ጊዜ ረዘም አድርጎ በአፍ ማስወጣት ለጥቂት ደቂቃዎች ቢደጋገም የልብ ምት ይረጋጋል። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ መኝታውን ማጨለም፣ ከመኝታው በፊት ባሉት ስድስት ሰዓታት ቡና አለመጠጣት፣ ስልኩንም ከራስጌው ማራቅ ይረዳዋል።

«ደህና ነኝ» የሚለው መልስ

በኢትዮጵያ ልማድ ክፉ ወሬ በሩቅ ላለ ሰው አይነገርም። መርዶ እንኳ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ በማለዳ ነው። ይህ ልማድ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ የሚጠብቅ ጥበብ አለበት። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ያው ልማድ ወደ ጉዳት ሊያደላ ይችላል።

አንድ የግድብ ሠራተኛ ከፈረቃ ጓደኞቹ አንዱ ስለታመመ ተጠርጥሮ ለይቶ ማቆያ ገባ እንበል። ወደ ቤት ሲደውል «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ባለቤቱም በበኩሏ የታናሹን ልጅ ሕመምና የቤት ኪራዩን መጨመር ትደብቃለች፤ «ሁሉም ሰላም ነው፣ አንተ ብቻ ራስህን ጠብቅ» ትላለች። ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው። ነገር ግን ድምፅ ይናገራል። የተቆረጠው ቃል፣ የፈጠነው ስንብት፣ ያልተመለሰው ጥያቄ ሌላውን በሐሳብ ያናውዘዋል፤ ያልተነገረው ቦታም በአሉባልታ ይሞላል። ከቀናት በኋላ እውነቱ ከሦስተኛ ሰው ሲሰማ «ሌላስ ምን ደብቆኛል?» የሚል ጥርጣሬ ይከተላል። በብዙ ቤት ከበሽታው ይልቅ ትዳርን የሚጎዳው ይህ ጥርጣሬ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የተለያዩ ባልና ሚስት አስቀድመው እንዲስማሙ ይመከራል፤ ማንኛችንም ብንታመም በዚያው ቀን እንነጋገራለን፣ የሚነገረውም ባለሙያ ያረጋገጠው ብቻ ይሆናል በማለት። ከባድ ነገር የሚነገረው ሰው ብቻውን እንዳይሆን፣ ጎኑ የሚቀመጥ ወንድም ወይም ጎረቤት አስቀድሞ ማሳወቅ የመርዶን ጥበብ ሳይተዉ እውነቱን ለመናገር ያስችላል። የስልክ ሰዓቱም የታወቀ ቢሆን መልካም ነው። ስልክ ያልተነሳው ፈረቃ ስለሆነ እንጂ ክፉ ነገር ስለደረሰ እንዳልሆነ የሚያውቅ ቤተሰብ በሰላም ያድራል። ስለ ገንዘብ የሚደረግ ንግግር ከናፍቆት ንግግር ተለይቶ የራሱ ቀን ቢኖረው እያንዳንዱ ጥሪ በክርክር አይቋጭም። ልጆችም ስልኩ ሲሰጣቸው «እንዴት ነህ?» ከሚል ጥያቄ ይልቅ «ዛሬ ምን ሠራህ?» የሚለው የበለጠ ያናግራቸዋል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆች ከትምህርታቸው ጋር የጨዋታ ጓደኞቻቸውንም ስላጡ፣ ዝምታቸው ወይም አልጋ ላይ መሽናት መጀመራቸው ቁጣን ሳይሆን ቅርበትን ይሻል።

ወደ ቤት የተመለሰ ሰው

የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. «ማኅበራዊ መራራቅ» ከሚለው አባባል ይልቅ «አካላዊ መራራቅ» የሚለውን መጠቀም የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለት የአዋቂ እርምጃ መራቅ ያለበት አካል ነው። ልዩነቱ በተግባር የሚፈተነው ደግሞ ከካምፕ ወይም ከለይቶ ማቆያ የወጣ ሰው ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ነው።

የለይቶ ማቆያ ጊዜውን የጨረሰና በባለሙያ የተሰናበተ ሰው ከማንም ጎረቤት የተለየ አስጊ አይደለም። ሆኖም ልጁን ከጨዋታ የሚያስወጡ፣ ቤቱን «የኮሮና ቤት» የሚሉ አይጠፉም። የዚህ መገለል ጉዳት በተገለለው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ይህን ያየ ሌላ ሰው ምልክት ሲታይበት ይደብቃል፣ በሽታውም በድብቅ ይዛመታል። የእድር ዳኛ፣ ቄስ፣ ኢማም ወይም የአገር ሽማግሌ በደጁ ቆሞ፣ ርቀቱን ጠብቆ «እንኳን በሰላም ገባህ» ቢለው፣ ሰፈሩ ሁሉ ከእርሱ ይማራል።

በ2012 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ሲውል ወዲያው የረመዳን ጾም ተከተለ። የቤርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች ከሌሎች ወንድሞቻቸው ጋር በሚኖሩበት ክልል፣ ሰው ተጠራርቶ የሚያፈጥርበትና የሚያስፈስክበት ወቅት በየቤቱ ተወስኖ አለፈ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተከልክሎ ስለነበር ለቅሶ እንኳ እንደ ወትሮው አልተደረሰም። ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ያልተቀመጠለት ሐዘን አንጀት ውስጥ ይቀራል። እድሮች አባላቱን በተራ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ደጅ ላይ እንዲያስተዛዝኑ ቢያደራጁ፣ በአርባው ቀንም ሐዘንተኛውን በስልክ የሚጠይቁ ሰዎች ቢመድቡ፣ ሰው ሐዘኑን ብቻውን አይሸከምም።

አስቸጋሪው ነገር በቤት ውስጥ ሲሆን

ቤት ለሁሉም መጠለያ አይደለም። ገቢ ሲቋረጥና ሰው ቤት ሲውል ጠብ ይበዛል፤ ጭንቀትን በአረቄና በጫት ለመርሳት መሞከር ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን እንደ መጨመር ነው። አልኮል እንቅልፍ የሚያመጣ ቢመስልም ሌሊት ይቀሰቅሳል፤ ጫትም ጭንቀትን ያባብሳል፣ እንቅልፍን ያርቃል። ቁጣ ሲነሣ ወጣ ብሎ መራመድ፣ ንግግሩን ለነገ ማሳደር ክብርን አይቀንስም። ድብደባ ግን የጭንቀት ምልክት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ወንጀል ነው። የምትደበደብ ሴት ለዘመድ፣ ለጤና ባለሙያ ወይም ለፖሊስ መናገር መብቷ ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ ከቤት አትውጡ የሚለው ምክር አደጋ ካለበት ቤት እንዳትሸሽ አያግዳትም።

ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ከመጠን ያለፈ ፍርሃት አብዛኛውን የቀኑን ክፍል ይዞ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ፣ ሰውም ሥራውንና ምግቡን ሲተው፣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ ያለውን የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ያስባል። በ2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ግን አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ አካባቢ ሆስፒታል እንዲወርድ ያለመ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደጅ በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ፣ ወይም የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ጸበልና ጸሎት ያለ ሰው ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል፤ ለእምነቱ ሲል መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ሰው «ለማስፈራራት ነው» ተብሎ አይታለፍ። ብቻውን አይተው፤ ገመድ፣ የእርሻ መድኃኒትና የጦር መሣሪያ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ስለዚህ ሐሳብ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይልቁንም የሚናገርበት በር ይከፍትለታል።

ለአእምሮ ሕመም ወይም ለሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች፣ መንገድ ሊዘጋና መኪና ሊጠፋ ስለሚችል፣ ክኒኑ እስኪያልቅ አይጠብቁ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ጤና ተቋም ሄደው ወይም ቤተሰብ ልከው ለረዥም ጊዜ የሚበቃ መጠን ሊሰጣቸው ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። በካምፕ የሚኖር ሠራተኛም የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፎ አንዱን በኪሱ፣ ሌላውን በቤተሰቡ እጅ ያኑር። ስለ ኮቪድ 19 ለሚነሣ ማንኛውም ጥያቄ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 መደወል ይቻላል።