ሚኒሞ ላይ የሚርገበገበው መብራት

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ቁልቁለቱን በ2ኛ ማርሽ እያጓራ የሚወርድ መኪና መብራቱ ደህና ነው። ገበያው ዳር ደርሶ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን ግን ዳሽቦርዱ መርገብገብ፣ የጣሪያው አምፑልም ደመቅ ፈዘዝ ማለት ይጀምራል። ተሳፋሪው ሁሉ "ባትሪው ሞቷል" ይላል፤ ሹፌሩም አምኖ ሸዋ ሮቢት ወይም ደብረ ብርሃን ሲደርስ አዲስ ባትሪ ይገዛል። በሳምንቱ መብራቱ እንደገና ይርገበገባል።

ባትሪ ጎተራ ነው። አምራቹ ዲናሞ ነው፤ እህል ሲጎድልበት ጎተራ የሚቀይር ገበሬ ደግሞ አላየሁም።

ዲናሞው በቺንጊያ ከሞተሩ ጋር ይሽከረከራል። በመሀሉ ያለው ኤሌክትሮማግኔት ሲዞር ዙሪያውን በተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህ ኤሌክትሪክ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስለሆነ ባትሪ አይቀበለውም። ነገሩ የአሊዩ አምባን የድሮ ርክክብ ይመስላል፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከቆላ የመጣ ሲራራ ነጋዴ አሊዩ አምባ ላይ ግመሉን አራግፎ ጭነቱን ለአህያና ለበቅሎ ያስረክብ ነበር፤ ግመል የአንኮበርን ዳገት አይወጣምና። በዲናሞው ውስጥ ይህን ርክክብ የሚሠሩት ዳዮዶች ናቸው፤ ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ 6 ናቸው። አንዱ ሲቃጠል በየዙሩ ክፍተት ይፈጠራል፤ ሞተሩ ሲፈጥን ዓይን አይይዘውም፣ ሚኒሞ ላይ ግን ይታያል። ኤልኢዲ ያስገጠመ ሰው ደግሞ ይብስበታል፤ የድሮው አምፑል ክሩ ግሎ ስለሚቆይ ክፍተቱን ይሸፍናል፣ ኤልኢዲ ግን ወዲያው ድርግም ይላል።

ሌላው ተጠርጣሪ ካርቦን ነው። ከጥፍር ብዙ የማይበልጥ ጥቁር ቁራጭ ሲሆን፣ ስፕሪንግ እየገፋው የሚሽከረከረውን የመዳብ ቀለበት ይነካል፤ ለኤሌክትሮማግኔቱ ኤሌክትሪክ የሚደርሰው በዚህ ነው። ተበልቶ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ስፕሪንጉ አቅም ያጣል፣ ካርቦኑ መዝለል ይጀምራል፣ መብራቱም አብሮ ይዘላል። የካርቦን ዋጋ ከባትሪ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የሚወርድ ሹፌርም አለ። ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ይወርዳል፣ ዲናሞው ይደክማል፣ ፍሬን በረገጠ ቁጥር የኋላ መብራት ተጨምሮ ዳሽቦርዱ ይፈዛል። ያለ ሞተር እገዛ የጋለው ፍሬኑ ግን ከመብራቱ በላይ ሊያሳስበው ይገባል።

ለማጣራት ቮልት መለኪያ ይበቃል። ባለ 12 ቮልት መኪና ጠፍቶ ሲያድር 12.6 አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ 14 አካባቢ ያሳያል። ፋሮ ተበርቶ ሚኒሞ ላይ ከ13 በታች ከወረደ ቺንጊያውንና ዲናሞውን ማየት ነው። ሞተር እየሠራ የባትሪ ካቦ ነቅሎ መሞከር የድሮ ባለሙያዎች ልማድ ነው፤ በዛሬ መኪና ላይ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

መብራቱ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ሳይሆን ከመንገዱ ጉድጓድ ጋር የሚርገበገብ ከሆነ ዲናሞው ነፃ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ የባትሪውን ራስና የማሳውን (የኔጌቲቩን) ካቦ መነካካት ነው። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የወረሰው፣ በእጅ ሲይዙት የሚዞር ካቦ ከተገኘ፣ መፍትሔው ሙቅ ውሃ፣ ብሩሽና 10 ቁጥር ቁልፍ ነው።