ለመስቀል ወደ ቡታጅራ ሲጓዙ፤ ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይስ የበሰለ?

ለመስቀል ወደ ጉራጌ የሚወርደው መንገደኛ አዲስ አበባን ለቆ በዓለም ገና ሲያልፍ ክረምቱ ገና ጓዙን ጠቅልሎ አልወጣም። በእኛ አቆጣጠር ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ሲሆን መስቀል የሚውለው መስከረም 17 ነው። መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽ ደፍርሶ ይወርዳል፤ በጢያ ትክል ድንጋዮች ዙሪያ መስኩ ለምልሟል። ቡኢን አልፈው፣ ከመዲናዋ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ቡታጅራ ሲደርሱ ሆድ ምግብ ይጠይቃል። ክትፎ ቤት ገብተው እንደተቀመጡም ጥያቄው ይቀርብልዎታል፦ “ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይስ የበሰለ?”

ለጤናዎ ሲሉ መልስዎ “የበሰለ” ቢሆን ይመረጣል። የኮሶ ትል እጭ የሚኖረው በከብቱ ሥጋ ውስጥ በትናንሽ ከረጢቶች ተሸፍኖ ነው። ሥጋው በደቃቁ ሲከተፍ ደግሞ የቱንም ያህል ዓይነ ንቁ ቢሆኑ ለይተው አያዩትም። ሚጥሚጣው ያቃጥለዋል፣ አረቄው ይገድለዋል የሚባለው ጨዋታ ያደምቅ እንደሆነ እንጂ እውነትነት የለውም። ለብ ለብም ቢሆን ስሙ እንደሚናገረው ለብ ያለ ብቻ ነው። እጩ የሚሞተው ሙቀቱ እስከ ውስጥ ዘልቆ የሥጋው ቅላት ሲጠፋ ነው።

ብዙዎች “በልቼ ምንም አልሆንኩም” የሚሉት ትሉ ስለማይቸኩል ነው። አድጎ ቁርጥራጩ በሰገራ ላይ እስኪታይ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። በመስቀል የተበላው በኅዳር አጋማሽ ወይም በታኅሣሥ ይገለጣል ማለት ነው፤ ያኔ የቡታጅራውን ገበታ ማን ያስታውሳል? ምልክቱን ካዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ፍቱን መድኃኒት አለው። የኮሶ አበባን በግምት በጥብጦ መጠጣት ግን መጠኑ ስለማይታወቅ ሊጎዳ ይችላል።

እዚህ ላይ መንገደኞች የማንወደው ጉዳይ አለ። መኪና ዳር አስይዞ ማሳ ውስጥ መጸዳዳት የተለመደ ነው። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ በሣሩ ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ሣሩን ይግጣል፤ እጩም በሥጋው ውስጥ ያድራል። ያ ከብት ለሚቀጥለው መስቀል የሚታረደው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነዳጅ ማደያም ሆነ ምግብ ቤት ሲገኝ በመጸዳጃ ቤት ይጠቀሙ።

ከክትፎው ጋር የሚቀርቡት አብዛኞቹ ጥሩ ናቸው። ቆጮው የተጋገረ፣ ቅቤው የተነጠረ፣ ጎመኑ የተቀቀለ ነው፤ ጎመኑ ትኩስ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። አይቡም ሲዘጋጅ እሳት ያየ ቢሆንም ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ቢተውት ይሻላል። ያልተፈላ ወተት ለማንም አይመከርም፤ ነፍሰ ጡሮች በተለይ እሱንም ጥሬ ሥጋንም ይራቁ። ዘመድ ቤት ገብተው “በሞቴ!” ተብለው ሲጎረሱ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ አስቀድመው “የእኔን አብስሉልኝ” ቢሉ ግን ማንም አይቀየምም።

በክረምት ከሥጋው ይልቅ ፈጥኖ የሚጥለው ውኃ ነው። ጎርፍ የሜዳውን ቆሻሻ ጠርጎ ወደ ምንጭና ጉድጓድ ያስገባል፤ አተትና ታይፎይድም በዚያው ይመጣሉ። የታሸገ ውኃ ካላገኙ አፍልተው ይጠጡ። ቡታጅራን በመሰለ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት። ባልታከመ ውኃ የታጠበ ሰላጣም ከውኃው አይለይም። እጅዎን ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠቡ፤ የሚያጎርሱም ከሆነ ይበልጥ።

በጉዞ ቦርሳዎ ሁለት ሦስት ከረጢት ኦ አር ኤስ ይያዙ። ተቅማጥ ከጀመረ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውኃ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ ይጠጡ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉት። ኦ አር ኤስ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ተቅማጡ ደም ካለው፣ እንደ ሩዝ ውኃ ነጥቶ ከወረደ፣ ትኩሳት ከተጨመረበት ወይም የልጅዎ ዓይን ከሰረጎደ ወደ አዲስ አበባ እስክመለስ አይበሉ፤ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይግቡ፣ እስኪደርሱም ኦ አር ኤሱን ማጠጣቱን አያቋርጡ።