የማይወድቀው ጥይት

አስቀድመን አንድ ነገር እንናዘዝ። ለሦስተኛ ዲግሪ ባሕር ማዶ በነበርንበት ዘመን የቤተ ሙከራው መሣሪያ ልኬቱን እስኪጨርስ ሌሊቱን የምናጋምሰው በኮምፒዩተር የጦርነት ጨዋታ ነበር። ዛሬም አልተውነውም። ተማሪዎቻችን ከጨዋታ ቤት ሲወጡ ብናገኛቸው ለመገሠጽ አፋችን የሚያያዘው ስለዚህ ነው።

ይሁንና ከዓመታት በፊት በአንድ የፈተና ወረቀት ላይ ያነበብነው መልስ አሳስቦናል። በአግድም የተተኮሰ ጥይት 100 ሜትር ሲጓዝ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ጠይቀን ነበር። ተማሪው «ጥይት እጅግ ፈጣን ስለሆነ አይወድቅም» ሲል ጻፈ። ይህን ከመማሪያ መጽሐፍ አላገኘውም። ከየት እንዳገኘው ግን ጠረጠርን፤ እኛም በዚያው ዓለም ብዙ ጥይት ተኩሰናልና።

እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ በቀረበው ካውንተር ስትራይክ ጥይት አይጓዝም። ቃታው ሲሳብ ፕሮግራሙ አንድ ቀጥተኛ መስመር ያሰምርና መስመሩ ያገኘውን ሁሉ በዚያችው ቅጽበት ይመታል። በእውኑ ዓለም ግን የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ፍጥነት ነው። የአየሩን ግጭት ትተን ብናሰላ 100 ሜትሩን በ0.14 ሰከንድ ይጨርሳል፤ በዚህችም ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወድቃል። ከእጃችን የለቀቅነው ጠጠርም በዚያው ጊዜ የሚወድቀው ይህንኑ ያህል ነው። የሚያስገርመው፣ ስበትን የዘነጋው ይህ ጨዋታ የጠመንጃውን ርግጫ አልዘነጋም፤ ተከታትሎ የሚተኩስ ሰው ማውሱን ወደ ታች መሳብ ይማራል። ኒውተን በአንድ በር ተባርሮ በሌላው ገብቷል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ምርጫ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በተሠራው ስፔስዋር መካከል ላይ ያለው ኮከብ ሁለቱን መንኮራኩሮች ይስባል፤ የሚተኩሷቸውን ቶርፔዶዎች ግን አይነካም። የዘመኑ ኮምፒዩተር ያን ሁሉ ለማስላት አቅም አልነበረውምና።

ከሁሉም የምንወደው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን ሁለተኛውን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ነው። በዚህ ቀስት ሲበር ይታያል፤ የሚጋልብ ፈረሰኛም ያመልጠዋል፤ ቀስተኛው የሚያነጣጥረው ፈረሰኛው በነበረበት ቦታ ላይ ነውና። ይህን ለማረም ተጫዋቹ ባሊስቲክስ የተባለውን ዕውቀት መግዛት አለበት። የሚገዛውም «ዩኒቨርሲቲ» ከተባለው ሕንፃ ነው! ከዚያ በኋላ ቀስተኞቹ ዒላማው ወደሚደርስበት ስፍራ ይተኩሳሉ።

ለፊዚክስ ሰው ትልቁ ደስታ ግን ሌላ ነው። 10 ቀስተኞች ከ7 ተመሳሳይ ቀስተኞች ጋር ቢገጥሙ ስንት ይተርፋሉ? ብዙዎች 3 ይላሉ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቼስተር እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ ሁሉም ሁሉን መምታት በሚችልበት ውጊያ የሠራዊት ኃይል የሚለካው ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። የበዛው ወገን ብዙ ይተኩሳል፤ የሚደርስበትም ጉዳት ለብዙ ይከፋፈላል፤ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ ከ100 ላይ 49 ሲቀነስ 51 ይቀራል፤ የ51 ስኩዌር ሩት ደግሞ 7 ያህል ነው። በጨዋታው የካርታ ማዘጋጃ ደጋግመን ብንሞክረው አንዳንዴ 7፣ አንዳንዴም 6 ተረፉልን። ሠራዊቱን በትንንሽ ቡድን እየከፈለ የሚልክ ጀማሪ ለምን እንደሚያልቅበት ከዚህ ይታያል፤ እኛም ስንት ሌሊት አልቀንበታል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ዮዲት ጉዲት የራሷን ዘመቻ አግኝታለች፤ የኢትዮጵያ ቀስተኞችም ከሌሎች በ18 በመቶ ፈጥነው ይተኩሳሉ። የተኩስ ፍጥነት ግን በራሱ አይባዛም። የ10 ኢትዮጵያውያን ኃይል 118 ሲሆን የ11 ባላጋራዎቻቸው 121 ይሆናል። ይህን ግጥሚያ ባለፈው ቅዳሜ አምስት ጊዜ አካሄድነው፤ ሦስቱን ተሸነፍን፤ ስድስተኛውን እንዳንጀምር የሚታረም የፈተና ወረቀት ጠረጴዛችን ላይ ተከምሮ ነበር።