ተገቢውን ጆሮ ያላገኘ ሸክላ

አንባቢ ሆይ! ከትምህርት ወይም ከሥራ ደክመው ሲመለሱ የሚያዳምጡት አንድ ሸክላ ልጠቁምዎ። «ስፒሪት ኦፍ ኢደን» ይባላል፤ ቶክ ቶክ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ጓዱ አስቀድሞ ለጭፈራ በሚመቹ ዘፈኖች ስም አትርፎ ነበር። መሪው ማርክ ሆሊስ ግን ሙዚቀኞችን በጨለመ ስቱዲዮ ሰብስቦ ብዙ ሰዓት አስጫወተ፤ ከዚያም ጥቂቱን መርጦ የቀረውን ጣለ። ጊታሩ ድንገት ይጮኻል፥ ወዲያው ጸጥ ይላል፤ ጸጥታውም የዜማው አካል ነው። ሸክላው እንደ ቀድሞው አልተሸጠም፤ አሳታሚውም ቅር ተሰኘ። ይሁን እንጂ ኋላ ለመጡ የሮክ ተጫዋቾች መንገድ ከፈተ። ሆሊስ በ2019 ዐረፈ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ሰምተው አይፍረዱ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ሳይቋረጡ ስለሚከታተሉ፥ መብራቱን ቀንሰው እስከ መጨረሻው ይታገሡት።