ከደጅ የቀረው መድኃኒት

ሰብስታንስ ፒ የሚባለው ንጥረ ነገር የህመምን መልእክት ከነርቭ ወደ ነርቭ ከሚያሻግሩት አንዱ ነው። የሚሠራውም በነርቭ ሴሉ ገጽ ላይ ካለው ኤንኬ1 ከተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ሲገጥም ነው። ስለዚህ ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት ህመሙንም ይዘጋል ተብሎ ታሰበ። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ተሠሩ፤ በእንስሳት ላይም ጥሩ ተስፋ አሳዩ። በሰው ላይ ሲሞከሩ ግን ህመም አላስታገሱም። ከእነሱ አንዱ አፕረፒታንት እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ለገበያ የበቃው ለሌላ ሥራ ነው፦ በካንሰር መድኃኒት ምክንያት የሚመጣውን ማቅለሽለሽና ማስመለስ ለመከላከል።

ምን ጎደለ? ተቀባዩ ሰብስታንስ ፒን ከያዘ በኋላ በሴሉ ገጽ ላይ አይቆይም። ሴሉ ይውጠውና ኢንዶሶም በሚባል ትንሽ ከረጢት ውስጥ ያስገባዋል። እዚያ የገባ ተቀባይ ሥራውን ጨርሷል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቢቆይም፣ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖም የህመሙን ምልክት መላኩን ይቀጥላል። መድኃኒቱ ደጁን ሲጠብቅ፣ ሌባው ጓዳ ገብቶ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ናኖቴክኖሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ያንኑ አፕረፒታንት እንደገና አነሳው። ተመራማሪው ናይጀል በኔትና ባልደረቦቹ መድኃኒቱን ከፖሊመር በተሠሩ ናኖቅንጣቶች ውስጥ አሸጉት። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ በዚህ ልክ የተሠራን ቅንጣት ሴሉ ራሱ ይውጠዋል፤ የሚያደርሰውም እዚያው ኢንዶሶም ውስጥ ነው። ብልሃቱ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የኢንዶሶም ውስጥ ከውጭው ይልቅ አሲዳማ ነው። የቅንጣቱ እምብርት የተሠራበት ፖሊመር ውኃን የሚሸሽ ቢሆንም፣ አሲድ ሲያገኘው ባሕርዩ ተለውጦ ውኃ ወዳድ ይሆናል። ያኔ ቅንጣቱ ይፈራርስና መድኃኒቱን ተቀባዩ ካለበት ስፍራ ይለቀዋል። ማንም ከውጭ ሆኖ አያዘውም፤ የሚከፍተው የቦታው ኬሚስትሪ ነው።

ቅንጣቶቹ የተሞከሩት በአይጦች ላይ ነው። ህመም ከተፈጠረባቸው መንገዶች አንዱ ካፕሳይሲን ነበር፤ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ያው ንጥረ ነገር። በናኖቅንጣት የገባው አፕረፒታንት ለብቻው ከተሰጠው ይበልጥ፣ ለረዘመ ጊዜም አስታገሳቸው። በነርቭ ጉዳት በሚመጣ ህመም ላይም ሠርቷል።

እኔን የሚያስደስተኝ አዲስ ሞለኪውል አለመፈለጉ ነው፤ ወድቀዋል ተብለው ከተተዉት መድኃኒቶች መካከል ቦታቸውን ብቻ የሳቱ ሌሎችም ሊኖሩ ይችላሉ። ሆኖም በአይጦቹ ሙከራ መድኃኒቱ የተሰጠው በህብለ ሰረሰር ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ በመርፌ ነው፤ ይህ ለዕለት ተዕለት ህመም የሚመች መንገድ አይደለም። ደግሞም ኤንኬ1ን የሚዘጉት የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች በእንስሳት ፈተና አልፈው የወደቁት በሰው ላይ ነበር።