ፍላሹ ቦግ ይላል፣ ፎቶው ግን ጨለማ ነው፦ ችግሩ የቱ ጋር ነው?

ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ሲሉ ፍላሼ ቦግ አለ። ሳሎን ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አይቶታል። ማታ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን የእናትየው ፊት የለም። ነጭ የነበረው ነጠላ ግራጫ ሆኗል፣ ፊታቸው ጥላ ነው፣ ከኋላ ያለው መጋረጃ ጭራሽ አይታይም። ደግሞ ሙሽሮችን "እስኪ እንደገና ሳሙ" አይባልም።

ነገሩን ቁጭ ብዬ መማር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ብዙ ልጆች በስልክ ጀምረው፣ ያገለገለ ካኖን ወይም ኒኮን ገዝተው፣ አናቱ ላይ ርካሽ ፍላሽ ሰክተው ሠርግና ምርቃት ያነሳሉ። የሚጠይቁኝም ያንኑ ነው፦ "ፍላሹ ይበራል፣ ፎቶው ግን ለምን ይጨልማል?"

መጀመሪያ ከስልክ የመጣውን ልማድ እንተው። ስልካችሁ ማታ ላይ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ፣ ደራርቦ፣ አንድ ደማቅ ፎቶ ይሰጣችኋል። ካሜራው እንዲህ አያደርግም። የሰጣችሁትን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልስላችሁ።

ፎቶ ሲጨልምብን ሁላችንም ቀድመን የምንነካው ሻተሩን ነው። ከ1/200 ወደ 1/60 እናወርደዋለን። ከኋላ ያለው አምፖል ይደምቃል፣ ፊት ግን ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱም ፍላሽ እጅግ አጭር ጊዜ ነው የሚበራው፤ ሻተሩ ገና ክፍት እያለ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ሻተሩ ቢቆይም የሚሰበስበው የክፍሉን ብርሃን ብቻ ነው። የፍላሹን ብርሃን የሚወስኑት አፐርቸር፣ አይኤስኦ፣ ርቀትና የፍላሹ ጉልበት ናቸው። ይሄን የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

ሻተሩ ጥፋተኛ የሚሆንበት አንድ ጊዜ አለ። ብዙ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር አብረው የሚሠሩት እስከ 1/200 ወይም 1/250 ድረስ ነው። ከዚያ ካለፋችሁ የፎቶው አንድ ጎን በጥቁር መጋረጃ የተሸፈነ ይመስላል። እንደ ዮንግኑዎ 560 ያሉ ፍላሾች ከካሜራው ጋር ስለማይነጋገሩ "አልፈሃል" ብሎ የሚከለክላችሁ የለም። ሃይ ስፒድ ሲንክ ያለው ፍላሽ ይሄን ያልፈዋል፣ ግን ጉልበቱ በጣም ይቀንሳል። ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ አጥፉት።

አሁን ወደ ርቀት። የፍላሽ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። 2 ሜትር ላይ ያማረ ፊት 4 ሜትር ላይ ሩቡን ብርሃን ያገኛል። የፍላሹ ካርቶን ላይ "ጋይድ ነምበር" የሚባል ቁጥር ታያላችሁ። እሱን ለአፐርቸሩ ስታካፍሉት፣ አይኤስኦ 100 ላይ ብርሃኑ በደንብ የሚደርስበትን ርቀት በሜትር ይነግራችኋል። ቁጥሩ 40 ቢሆንና አፐርቸሩ ኤፍ 5.6 ቢሆን 7 ሜትር ገደማ ነው። (ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የፍላሹ ጭንቅላት እስከ ጥግ ዙም ተደርጎ የተለካ ነው፤ ነጋዴ መቼም ትንሹን ቁጥር አይጽፍም።)

ግን ይሄ በሙሉ ጉልበት ነው። ባትሪ ይቆጥብልኝ ብላችሁ 1/16 ላይ ካደረጋችሁት 40 የነበረው 10 ይሆናል። 10 ለ5.6 ሲካፈል 1.8 ሜትር። ከሙሽሮቹ 5 ሜትር ርቃችሁ ቆማችሁ "ፍላሹ ተበላሸ" ማለት አይቻልም። አይኤስኦውን ወደ 1600 ብታወጡት ግን ያው 1/16 ተመልሶ 7 ሜትር ይደርሳል። አይኤስኦ ከፍ ማድረግ የምትፈሩ ልጆች፣ ትንሽ ነጠብጣብ ያለበት ፊት ከማይታይ ፊት ይሻላል።

ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስም የራሱ ተንኮል አለው። 18 ላይ ሆናችሁ አፐርቸሩ ኤፍ 3.5 ነበር፤ ፊት ለማቅረብ ወደ 55 ስታዞሩት ራሱ ወደ 5.6 ይሄዳል። ፍላሹ በማንዋል ከሆነ ይሄን አያውቅም፣ ያንኑ ብርሃን ይለቃል። ከግማሽ በላይ ብርሃን በዚያች ዙም ጠፋ ማለት ነው።

እኔን የጣለኝ ግን ሌላ ነው፤ ነጭ ልብስ።

ቲቲኤል የሚባለው አውቶማቲክ አሠራር እንዲህ ነው፦ ቁልፉን ስትጫኑ ፍላሹ መጀመሪያ ትንሽ ብልጭ ይላል። ካሜራው የተመለሰውን ብርሃን ለክቶ ለዋናው ብልጭታ ጉልበት ይመድባል። ዓይናችን ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚያየው። ችግሩ ካሜራው የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ማሰቡ ነው። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሐበሻ ቀሚስ፣ ቬሎ... ብርሃኑን ይመልሱታል። ካሜራው "ኦ፣ በቂ ነው" ብሎ ጉልበቱን ይቀንሳል። ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ መሃል ላይ ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ይጨልማል። የኛ አገር ሠርግ ላይ ይሄ የማይገጥመው ፎቶ አንሺ ያለ አይመስለኝም። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ብቻ ሲሆኑ ተቃራኒው ይመጣል፣ ፊታቸው ዱቄት ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የፍላሽ ኮምፐንሴሽን የሚለውን ፈልጉና ፕላስ 1 አድርጉት፤ ቬሎው ፍሬሙን ከሞላው እስከ ፕላስ 1.7 ሂዱ። ከተራው ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን ጋር እንዳታምታቱት፣ ምልክቱ የመብረቅ ስዕል አለበት። ካኖን ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፤ ቲቲኤል ያለው ፍላሽ ከሰካችሁ፣ የፍሬሙን መሃል ፊቷ ላይ አድርጋችሁ የኮከብ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጫኑ። ፍላሹ ብልጭ ብሎ ፊቱን ይለካል፤ ከዚያ ፍሬማችሁን አስተካክላችሁ ታነሳላችሁ።

ፍላሹን ወደ ኮርኒስ አዙሮ ማንሳት ፊትን ያሳምራል፣ እውነት ነው። ግን ብርሃኑ ወጥቶ እስኪመለስ መንገዱ ይረዝማል፣ ኮርኒሱም የተወሰነውን ይውጠዋል። ነጭና ዝቅ ያለ ኮርኒስ ላይ እንኳ ሩቡ ቢደርሳችሁ ጥሩ ነው። አዳራሽ ውስጥ ኮርኒሱ ሩቅ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ሸራ ከሆነ ሙሽራዋም ሰማያዊ ትሆናለች። እዚያ አይኤስኦ 1600፣ አፐርቸር ኤፍ 4፣ ካልሆነም ፍላሹን ፊት ለፊት መልሱና ጠጋ በሉ። ስትጨርሱ ፍላሹ ላይ የለበሰውን ነጭ ፕላስቲክ ማየት አትርሱ፤ እሱም ብርሃን ይበላል።

የመጀመሪያው ፎቶ ደማቅ፣ ሁለተኛው ጨለማ፣ ሦስተኛው ደህና ከሆነ ግን ሴቲንግ አትነካኩ። ባትሪ ድንጋዩ ነው። ፍላሹ ካበራ በኋላ እንደገና መሙላት አለበት፤ ደካማ ድንጋይ ብዙ ሰከንድ ይፈጅበታል። የዝግጁነት መብራቱ ሳይበራ ከተጫናችሁ ወይ አይበራም ወይ ግማሽ ያበራል። ቻርጅ የሚደረጉ አራት ድንጋዮች፣ ሌላ አራት ኪስ ውስጥ። አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ።

ፍላሹ ጭራሽ ካልበራስ? ሁለት ነገር እዩ። ከስልክ የመጣ ሰው ካሜራውንም በስክሪን እያየ ነው የሚያነሳው። በብዙ አነስተኛ የካኖን ሞዴሎች ላይ የካኖን ያልሆነ ፍላሽ በስክሪን ስታነሱ አይበራም፤ ዓይናችሁን መመልከቻው ላይ አድርጉ። ሁለተኛ፣ ካኖን 250ዲ እና 4000ዲ የፍላሽ መሰኪያቸው መሃል ላይ ያለችው የብረት ነጥብ የላቸውም። በዚያች ነጥብ ብቻ የሚሠራ ርካሽ ፍላሽ እነሱ ላይ አይበራም። ፍላሽ ልትገዙ ስትሄዱ ካሜራውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ሞክሩ።

ጨለማ ሆኖ የወጣውን ፎቶ በተመለከተ፣ በራው ካነሳችሁት ብዙ ነገር ይመለሳል። ጄፔግ ከሆነ ትንሽ ነው የሚመለሰው። የእኔ ጄፔግ ነበር። ብርሃኑን ስጨምረው የእናትየው ፊት አሸዋ የተበተነበት መሰለ፤ ጥቁርና ነጭ አድርጌ፣ የሆነውን ነግሬ ሰጠኋቸው። አሁን ሠርግ ቤት ስደርስ መጀመሪያ የማነሳው ነጠላ የለበሰች አንዲት አክስት ፈልጌ ነው፤ ፎቶውን አጉልቼ ፊቷን ሳላይ ሙሽሮቹ ጋር አልሄድም።