ቡችላዋ ፎገራ ቤት ስትገባ

በፎገራዋ ወረታ ብዙ የቆርቆሮ በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል። ከበሩ ጀርባ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ሳይሆን ፈሪ ውሻ ነው፦ በልጅነቱ በአጭር ገመድ ታስሮ፣ ከሚመግበው ሰው በቀር ማንንም ሳያውቅ ያደገ። ፈሪ ውሻ ደግሞ ክፉ ነው፤ ሌባውንም እንግዳውንም የቤቱንም ልጅ አይለይም። የውሻ ጠባይ ከዘሩ ይልቅ ቤት በገባባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበጃል፣ ይበላሻልም።

እዚህ አገር ቡችላ ከመጠለያ ፈርሞ መውሰድ አልተለመደም። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር አስፋልት የደብረ ታቦሩን መንገድ የሚገነጥልባት ከተማ ናት፤ ከባድ መኪናውና ባጃጁ አያባራም። ቡችሎች በዚያ መንገድ ዳር፣ በሥጋ ቤት ጓሮ፣ በሩዝ መፈልፈያ ጥግ ይገኛሉ፤ ልጆች በሹራባቸው ጠቅልለው ወደ ቤት ያመጧቸዋል። ተጥለው የሚገኙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ወንዱን ጎረቤት ይሻማበታል፣ ሴቷን «ትወልድብናለች» ብሎ የሚወስዳት የለም። ሴት ውሻ ግን ከወንዱ ባላነሰ ትጮኻለች፣ ትጠብቃለች፤ እንዲያውም እንደ ወንዱ ከግቢዋ አትርቅም። ስለዚህ እዚህ ስለ ሴቷ እንጻፍ።

እንደመጣች መጀመሪያ ማየት ነው። ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ድዷን ይዩ፤ ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፣ የነጣ ከሆነ ደም አንሷታል ማለት ነው። ቁንጫና መዥገር ጆሮዋ ውስጥና በጣቶቿ መካከል ይደበቃል። ሰውነቷ ከስቶ ሆዷ ብቻ እንደ ከበሮ ከተነፋ ጥጋብ አይደለም፣ በአብዛኛው የአንጀት ትል ነው፤ ቡችላ ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች፣ ኋላም ከጡቷ ትሉን ትወስዳለች። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሯ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ልጆች እጅ ይሻገራል። መድኃኒቱ በክብደቷ ልክ የሚሰጥ ስለሆነ ከሰው ፋርማሲ በግምት ገዝቶ ማጉረስ አይገባም፤ የእንስሳት ሐኪም ይመዝናት። የወረዳ እንስሳት ክሊኒክ ዋና ሥራው ለፎገራ ላምና በሬ ቢሆንም ቡችላ ይዞ መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የመጀመሪያው ሌሊት ከባድ ነው። ከእናቷና ከወንድሞቿ ሙቀት ተነጥላ የምትተኛ ቡችላ ታለቅሳለች። ዱላ ወይም ቁጣ ለቅሶዋን ያባብሰዋል፤ ውጭ መጣል ደግሞ ለጅብ መስጠት ነው። ከሰው ድምፅ ያልራቀ ጥግ፣ ለምሳሌ የማድ ቤቱ መግቢያ፣ ይበቃታል። በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ አጠገቧ ቢደረግላት ታቅፈው ትተኛለች። መኝታዋን በየቀኑ አያዛውሩባት። ሌሊት አንድ ጊዜ፣ በተረፈ ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ ከበላችና ከተጫወተች በኋላ ወዲያው ወደ ግቢው አፈር ቢያወጧት ቦታዋን ታውቃለች። እዚያ ስትሸና ማመስገን ነው፤ ቤት ውስጥ ከሸናች በኋላ አፍንጫዋን መድፈቅ የሚያስተምራት ሰውን መፍራት ብቻ ነው።

መኝታዋ ከፍ ያለ ይሁን። ፎገራ ሜዳ የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው፤ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ይተኙበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጎርፉ ሰዎችን ከነቤት ንብረታቸው አፈናቅሏል። ጎርፍ ባይመጣ እንኳ ከሐምሌ እስከ መስከረም ጥቁሩ አፈር ውኃ ያቁራል፤ መሬት ላይ የምትተኛ ቡችላ በእርጥበቱ ትታመማለች። ከሁለት ድንጋይና ከአንድ ጣውላ የተሠራ ቆጥ፣ ላዩ ላይ የሩዝ ገለባ በቂ ነው። ገለባ እዚህ ሞልቷል። ግን በየጥቂት ቀኑ ይለወጥ፣ አሮጌው ይቃጠል፤ ቁንጫ የሚራባው እዚያ ውስጥ ነው።

ምግቧ ላይ የፎገራ ሰዎች በተለይ መጠንቀቅ አለባቸው። ሩዝ በ1970ዎቹ ወደ አካባቢው ከገባ ወዲህ የተሰበረው ሩዝ ርካሽ የውሻ ምግብ ሆኗል፤ ይህ መልካም ነው። ችግሩ ሽንኩርት ነው። ሜዳው በመስኖ ሽንኩርት ያመርታል፣ የወጡም መሠረት ሽንኩርት ነው፤ የተረፈው የወጥ ፍትፍት ደግሞ ለውሻ ይሰጣል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ሁለት ኪሎ ለምትመዝን ቡችላ አንድ መካከለኛ ሽንኩርት ሊጎዳት ይችላል። ጉዳቱም ወዲያው አይታይም፤ ከቀናት በኋላ ድዷ ይነጣል፣ ሽንቷ ይጠቁራል፣ ቤተሰቡ ግን «ቡዳ በላት» ይላል። ስለዚህ ድርሻዋ ሽንኩርት ሳይነካው ይቀነስላት። የዶሮ ወጥ አጥንትም ሲበስል እንደ መርፌ ይሰነጠቃልና አይሰጣት።

ሁለት ወር የሞላት ቡችላ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ትበላለች። ጾም ሲገባ ከቤቱ ጋር አብራ የምትጾም ውሻ ብዙ ናት፤ ትልቅ ውሻ ይችለው ይሆናል፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሽሮ ብቻ የበላች ቡችላ ግን አጥንቷ አይጠነክርም። የተቀቀለ እንቁላል ወይም አጥንቱ የተለቀመ የበሰለ አምባዛና ቀረሶ ለእሷ ኃጢአት የለበትም። በፋሲካ ደግሞ የጾሙን ለማካካስ የበጉን ጉበትና ሳንባ በጥሬው መወርወር አደጋ አለው። ውኃ የቋጠረ እብጠት ያለበት ሳንባ የበላች ውሻ የኮሶ ዝርያ የሆነ ጥቃቅን ትል ታፈራለች፣ ከእሷም ወደ ሰው ተሻግሮ በሰው ጉበት ላይ ያንኑ እብጠት ይሠራል። እብጠት ያለበት ይቀበር፣ ንጹሑም ይቀቀል።

ከሁሉ የሚብሰው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገምታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፣ ከመታየቱ በፊት ግን በክትባት ይከላከሉታል። አዲስ አበባ ጉለሌ ያለውን የኅብረተሰብ ጤና ተቋም ትልልቆች ዛሬም «ፓስተር» የሚሉት በ1885 እ.ኤ.አ. ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው በሰጠው ፈረንሳዊ ስም ነው። ቡችላዋ ሦስት ወር ሲሞላት ትከተብ፣ በየዓመቱም ይታደስላት። ከመንገድ የተነሳች ቡችላ ማን እንደነከሳት አይታወቅም፣ በሽታው ደግሞ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጅ ብትነክስ ወይም ብትቧጭር «ገና ሕፃን ናት» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ሙሉ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይኬድ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፣ ክትባቱን ግን አይተው።

ስለ ንጽሕና የሚነሳው ጭቅጭቅ የማይቀር ነው። ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ የጸሎት ሥዕል ያለበት ክፍል መግባቱንም እማማ አይወዱም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ውሻቸውን ሉሉን እቅፋቸው ውስጥ ይዘው ይታዩ እንደነበር መጥቀስ ክርክሩን አያሸንፍም፣ ቤተ መንግሥት ሌላ ነው። መታረቂያው በረንዳው ነው፤ ከደጃፉ መለስ እንዳትገባ ከመጀመሪያው ቀን ሁሉም አንድ ቃል ይናገር። አባት የከለከሏትን ልጅ በድብቅ ካስገባት ጥፋቱ የቡችላዋ አይደለም።

ከሦስተኛው እስከ 14ኛው የዕድሜዋ ሳምንት ያየችውን ነገር እንደ ወትሮ ትቀበለዋለች፤ ያላየችው ኋላ ያስደነግጣታል። ክትባቷን ሳትጨርስ ሌሎች ውሾች የሚውሉበት ቦታ ባትወርድም፣ በእቅፍ ይዘው የባጃጅ ጥሩንባ፣ የቅዳሜ ገበያተኛ፣ ጅራፍ የያዘ እረኛ፣ ጥምጥም የጠመጠሙ ቄስ ያሳዩዋት። የንስሐ አባት ጠበል ሊረጩ ሲመጡ በእጃቸው ቁራሽ ቢሰጧት ኋላ አትጮኽባቸውም። ኃይለኛ ትሆናለች ብሎ ጆሮዋን መቁረጥና በርበሬ ማጉረስ ግን ድንቁርና ነው፤ ከሕመም ሌላ የሚጨምርላት የለም። ገመድም ቢሆን በቀን ለጥቂት ደቂቃ እየተለማመደች እንጂ ውላ አድራ አትታሰርበት።

በስድስት ወርና በዓመት መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ትፈልጋለች፤ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በር ላይ ያድራል። ለሦስት ሳምንት ያህል ግቢው ተዘግቶ ትጠበቅ፣ ወይም ከዚያ በፊት ስለ ማምከን ሐኪም ይጠየቅ። ውሻ 63 ቀን ገደማ አርግዛ ስትወልድ አምስትም ስምንትም ልትወልድ ትችላለች። ግንቦት ላይ ካመለጠች ቡችሎቹ የሚወለዱት ሐምሌ ነው፣ ርብ ሲሞላ፤ ከእነሱም ሴቶቹን የሚወስድ ጎረቤት ከአሁኑ ተፈልጎ ይገኝ።